“አይሆንም” መባልም ኒዕማ ነው

ለዓይን የሌዘር ሕክምና ከሐኪም ፊት ከመቅረባችን በፊት



መነጽር የሚያደርግ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ውዱእ ለማድረግ አውልቆ ከቧንቧው ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ኢቃማ ሲሰማ ረስቶት ይገባል። ሱጁድ ሲወርድ ከአፍንጫው ላይ ይንሸራተታል። ኒቃብ የምታደርግ እህት ደግሞ ትንፋሿ መስታወቱን እያደበዘዘባት መንገድ መሻገር ይቸግራታል። እናት ከሆነች የታቀፈችው ልጅ በቀን ስንት ጊዜ ይነጥቃታል። ስለዚህ ከዱባይ ወይም ከሪያድ አንድ ዘመድ ደውሎ “እኔ በሩብ ሰዓት ከመነጽር ተገላገልኩ፤ አንቺም ነይ” ሲል ልብ ቢነሳሳ አይደንቅም። ይህን መመኘት ነውር አይደለም። የዕይታን ጉድለት ማስተካከል ሕክምና እንጂ ለውበት ሲባል የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይደለም ብለው የፈቀዱ ዑለማዎች ብዙ ናቸው። ታዲያ የዛሬው ጽሑፌ ሌዘር ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሚደረገው ምርመራና ምክክር እንዴት እንደምንዘጋጅ ነው።

በቅርቡ አንዲት እህት ያጫወተችኝን ላካፍላችሁ። ወንድሞቿ ገንዘብ አዋጥተው ውጭ ሀገር ወደሚገኝ አንድ የዓይን ሕክምና ማዕከል ላኳት። ኒካሕዋ ቀርቦ ስለነበር “ለሠርጓ ያለ መነጽር ትደርሳለች” ተብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ ተወራ። ማዕከሉ ደርሳ ሁለት ሰዓት ያህል ከተመረመረች በኋላ ሐኪሙ “ያንቺ ዓይን ለሌዘር አይሆንም፤ በመነጽርሽ ቀጥዪ” አሏት። እንደሄደች በመነጽሯ ተመለሰች። ዘመድ ሊጠይቃት ሲመጣ ጓዳ ትገባ ነበር። “ያ ሁሉ የወንድሞቼ ብር ውሃ በላው” አለችኝ እንባዋ እየመጣ።

እኔ ግን ብሩን ውሃ አልበላውም ባይ ነኝ። በዚያ ብር ሁለት ዓይኖቿን አትርፋበታለች። ሐኪሙ ዝም ብለው ሠርተውላት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በመነጽር ጥርት አድርጋ የምታይበት ዓይን ነገ በመነጽርም የማይስተካከል ሊሆን ይችል ነበር። ስህተቱ የሐኪሙ መልስ አልነበረም። ስህተቱ እሷም ቤተሰቧም ወደ ምክክሩ ሲሄዱ የያዙት ኒያ ነው። “እሺ” ለመባል ብቻ ተዘጋጅተው ሄዱ።

ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። የምክክሩን ቀን እንደ ቀጠሮ ማስያዣ እንቆጥረዋለን። እውነቱን ለመናገር ግን ከመላው ሕክምና ትልቁ ቀን ያ ነው። ሌዘሩን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር ነው፤ “ይህ ዓይን ይነካ ወይስ አይነካ?” የሚለውን የሚወስነው ግን ሰው ነው። ሐኪሙ በትክክል እንዲወስን ደግሞ ከእኛ የሚፈለግ ዝግጅት አለ።

ሌዘሩ የሚሠራው ከምን ላይ ነው?

ከጥቁሩ የዓይናችን ክፍል ፊት እንደ ሰዓት መስታወት ግልጽ የሆነ ሽፋን አለ። ኮርኒያ ይባላል። ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን በብዛት የሚያጥፈው እሱ ነው። ሌዘሩ ከኮርኒያ ላይ በጣም ስስ የሆነ አካል እያነሳ ቅርጹን ያስተካክላል፤ ብርሃኑም ከሚገባው ቦታ ላይ ያርፋል። ለዚህ የሚያገለግለው ኤክሳይመር የተባለው የሌዘር ዓይነት ኮርኒያን በጥራት ሊቀርጽ እንደሚችል በ1983 (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ሙከራ ታየ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍ.ዲ.ኤ.) ለዕይታ ማስተካከያ እንዲውል በ1995 ፈቀደ። ዛሬ የታወቁት መንገዶች ሦስት ናቸው። ፒ.አር.ኬ. የሚባለው የኮርኒያን የላይኛ ልባስ አንስቶ ይሠራል፤ ለማገገም ረዘም ይላል። ላሲክ የሚባለው ከኮርኒያው ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጥ ስስ ክዳን ከፍቶ ከሥሩ ይሠራል፤ ከዚያ ክዳኑን ይመልሳል። ስማይል የሚባለው ደግሞ በትንሽ ቀዳዳ በኩል ስስ ቁራጭ ያወጣል።

በሦስቱም ውስጥ የማይለወጥ አንድ ነገር አለ። የሚነሳው አካል ተመልሶ አይበቅልም። መነጽር ካልተስማማን እናወልቀዋለን፤ የተላጠ ኮርኒያ ግን አይመለስም። ስለዚህ ሂሳቡን እኛም ማወቅ አለብን። ቀላል ነው።

የኮርኒያ መሐል ውፍረት በአማካይ 540 ማይክሮን ገደማ ነው። 1,000 ማይክሮን አንድ ሚሊሜትር ስለሆነ ከግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። በላሲክ ክዳኑ ብቻ 110 ማይክሮን ያህል ይወስዳል። ከዚያ ለእያንዳንዱ የመነጽር ቁጥር (ዳዮፕተር) በግምት 15 ማይክሮን ይነሳል። ከሥር ሳይነካ የሚቀረው ቢያንስ 250 ማይክሮን መሆን አለበት፤ ብዙ ሐኪሞች 300 እንዲቀር ይመርጣሉ።

እንግዲህ ሁለት ሰዎችን እንውሰድ። የመጀመሪያው ኮርኒያው 540፣ የመነጽር ቁጥሩ 4 ነው። 110 ለክዳን፣ 60 ለቁጥሩ ሲቀነስ 370 ይቀረዋል። በውፍረት በኩል አያሰጋም። ሁለተኛው ኮርኒያው 480፣ ቁጥሩ 9 ነው። 110 እና 135 ሲቀነስ የሚቀረው 235 ብቻ ነው። ይህ ሰው ምንም ያህል ብር ቢይዝ፣ ምንም ያህል ርቆ ቢሄድ ላሲክ አይሆነውም። የመጀመሪያው ጎበዝ፣ ሁለተኛው ዕድለ ቢስ ስለሆነ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) የፊታችንን መልክ እንደለያየው የኮርኒያችንንም ውፍረት ለያይቶታል። “እገሌ ተሠርቶ ድኗል” የሚለው ወሬ ለእኛ ዓይን ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ዓይኑን የሚያሽ ልጅ

ከውፍረቱ በላይ ሐኪሙን የሚያሳስበው ደግሞ ቅርጹና ጥንካሬው ነው። ኬራቶኮነስ የሚባል ሕመም አለ። ኮርኒያው እየደከመና እየሳሳ ሄዶ ወደ ፊት እንደ ሾጣጣ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። በጅማሬው ላይ በዓይን አይታይም፤ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የፊደል ሰሌዳም አይታወቅም። የኮርኒያን ካርታ በሚያነሳ መሣሪያ ነው የሚገኘው። በዚህ ዓይን ላይ ሌዘር መሥራት የደከመ ግድግዳን እንደ መፋቅ ነው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ኮርኒያው ይገፋና ዕይታው እየተበላሸ ይሄዳል።

ከዚህ ሕመም ጋር በጣም ከሚያያዙት ነገሮች አንዱ ዓይንን አጥብቆ ማሸት ነው። በሀገራችን በአለርጂ ምክንያት ዓይናቸው የሚቀላና የሚያሳክካቸው ልጆች ብዙ ናቸው። በመዳፋቸውና በጣታቸው አንጓ ሲያሹ ይውላሉ። ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ ለልጃችሁ ሌዘር ከማሰባችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ልጁ ዓይኑን ያሻል? የመነጽሩ ቁጥር በየስድስት ወሩ ይቀያየራል? ከቤተሰቡ ውስጥ “ዓይኑ ሾጥጧል” ወይም “ኮርኒያ ተቀየረለት” የተባለ ሰው አለ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልሱ “አዎ” ከሆነ ለሐኪሙ በመጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሳምንታት

አንደኛ፣ ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ አውልቁ። ሌንሱ ኮርኒያውን ተጭኖ ቅርጹን ስለሚያዛባው ልኬቱ ይሳሳታል። በተሳሳተ ልኬት የተሠራ ዓይን ደግሞ የተሳሳተ ውጤት ያመጣል። በኤፍ.ዲ.ኤ. ምክር መሠረት ለስላሳውን ሌንስ የሚያደርግ ሰው ከመጀመሪያው ምርመራ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ ያቆማል። ለአስቲግማቲዝም የሚታዘዘውን ለስላሳ ሌንስ ወይም አየር የሚያስገባውን ጠንካራ ሌንስ የሚያደርግ ቢያንስ 3 ሳምንት፣ የድሮውን ዓይነት ደረቅ ሌንስ የሚያደርግ ቢያንስ 4 ሳምንት ነው። ለሠርግና ለዒድ ዓይንን ለማስዋብ የሚደረገው ባለቀለም ሌንስም ሌንስ ነው። “ትናንት ማታ ነው ያወለቅኩት” ብሎ መቅረብ ሐኪሙን ማታለል አይደለም፤ ራስን ማታለል ነው።

ሁለተኛ፣ የድሮ የመነጽር ማዘዣዎቻችሁን ፈልጉ። ከመሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ቦርሳ ውስጥ አውጧቸው። ወረቀቱ ከጠፋ አሮጌውን መነጽር ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩን በመሣሪያ ያነቡታል። የዕይታ ቁጥር ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይለወጥ መቆየት አለበት። እየጨመረ በሚሄድ ቁጥር ላይ ሌዘር መሥራት በሚያድግ ልጅ ልክ የኒካሕ ልብስ እንደ ማሰፋት ነው። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የማይሠራበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ጻፉ። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውን የዓይን ጠብታ በተለይ አትርሱ። ለማሳከክ ተብለው ለረጅም ጊዜ የሚጨመሩ እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች የዓይን ግፊትን ከፍ ሊያደርጉና የዓይን ሞራ ሊያመጡ ይችላሉ። ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን የተባለው እንክብል ደግሞ ዓይንን ያደርቃል።

አራተኛ፣ ኩል። በቀጠሮው ቀን ኩልም ሆነ ሌላ የዓይን መዋቢያ ሳትቀቡ ሂዱ። ብናኙ ከቅንድቡ ፀጉር ሥር ተቀምጦ ምርመራውን ያስቸግራል፤ ወደ ቀዶ ሕክምናው ቀን ከተደረሰ ደግሞ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። በገበያ ላይ ካሉት ኩሎች እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ያለባቸውም አሉ። ማርና ጥቁር አዝሙድ የተወደሱ ናቸው፤ ይህ ማለት ግን ዓይን ውስጥ ይንጠባጠቡ ማለት አይደለም። ጨምራችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ።

አምስተኛ፣ ይህ ገጽ ስለ ምግብም የሚያወራ ነውና አንድ ነገር ልጨምር። ቫይታሚን ኤ ያላቸው ካሮት፣ ጎመን፣ እንቁላልና ጉበት ለዓይን ጤና ያስፈልጋሉ። የመነጽርን ቁጥር ግን አያጠፉም። ለምርመራው ጾም መዋል አያስፈልግም፤ ቁርሳችሁን በልታችሁ ሂዱ።

ለሐኪም የማይደበቅ

ሰው የተመኘው ነገር እንዳይከለከል ሲል አንዳንድ ነገር ይደብቃል። ይህን ባሕላችንን ነው በዚህ ጽሑፍ አጥብቄ የምቃወመው። ዓይን አማና ነው። አማናን ለሚመረምር ሰው እውነቱን አለመናገር አማናን ማጉደል ነው።

እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ እህት ትናገር። በእነዚህ ጊዜያት የሰውነት ሆርሞን ስለሚለዋወጥ የመነጽር ቁጥርም፣ የዓይን እርጥበትም ይለዋወጣል። በሃይማኖታችን ማጥባትን መሙላት ለፈለገ ሁለት ዓመት ነው። እንግዲህ ሁለት ዓመት ልታጠባ የነየተች እናት ሌዘሩን ከዚያ በኋላ ብታስበው ምን ትጎዳለች? ልጁን ቶሎ አስጥላ ለሌዘር የምትሮጥ ከሆነ ግን ሒሳቡ ተገልብጦባታል።

የስኳር ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት (ሩማቶይድ)፣ ሉፐስ፣ የበሽታ መከላከል አቅምን የሚያዳክም ሕመም፣ ከዚህ በፊት ዓይን ላይ የወጣ የሄርፐስ ቁስል፣ በልጅነት የያዘ ትራኮማ፣ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው የሚያብጥ ገላ፣ ከዘመድ የግላኮማ ታሪክ፣ ሁሉም ይነገሩ። ዓይናችሁ ሲደርቅ፣ አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁራችሁ፣ ነፋስ ሲነካው እንባ ሲያወርድ ይህም ይነገር። ሌዘር በኮርኒያ ውስጥ ያሉ ስስ ነርቮችን ስለሚነካ የዓይን ድርቀትን ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያባብሳል።

ሥራችሁንም ንገሩ። ሌሊት መኪና የሚነዳ ሰው ከመብራት ዙሪያ የሚታይ ቀለበትና ነጸብራቅ ከሌላው ይልቅ ያስቸግረዋል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ኤፍ.ዲ.ኤ. ከሌሎች የአሜሪካ መንግሥት ተቋማት ጋር ያካሄደው የላሲክ ጥናት ሁለቱንም ወገን ያሳያል። ከተሠራላቸው ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት በዕይታቸው ረክተዋል። ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምንም ምልክት ካልነበራቸው መካከል ከመቶ እስከ 46 የሚደርሱት ከሦስት ወር በኋላ ቢያንስ አንድ አዲስ የዕይታ ምልክት አይተዋል፤ እንደ መብራት ቀለበት፣ ነጸብራቅና ድርብ ምስል ያለ። ድርቀት ካልነበራቸውም ከመቶ እስከ 30 የሚደርሱት ድርቀት ተሰምቷቸዋል። በእነዚህ የዕይታ ምልክቶች ምክንያት የዕለት ሥራቸውን ለመሥራት እጅግ የተቸገሩት ከመቶ አንድ አይሞሉም። እንግዲህ “ምንም የለውም” የሚለውም፣ “ዓይን ያጠፋል” የሚለውም ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ከአርባ ዓመት በኋላ፦ መነጽርና ሙስሐፍ

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ከአርባ ዓመት ገደማ ጀምሮ በዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ እየደረቀ ስለሚሄድ የቅርብ ጽሑፍ ማንበብ ያስቸግራል። ኮርኒያ ላይ የሚሠራው ሌዘር ይህን አያስቀረውም። አሁን መስጂድ ውስጥ ልብ ብላችሁ እዩ። የሩቅ መነጽር የሚያደርጉ፣ ዕድሜያቸው 50 የሞላ አባት ሙስሐፍ ሲከፍቱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይገፉና ያለ ምንም ችግር ያነባሉ። ቁጥራቸው ከቀናሽ 3 አካባቢ ከሆነ 33 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለውን ጽሑፍ ያለ መነጽር ጥርት አድርገው ያያሉ። ይህ የአላህ ስጦታቸው ነው። ሩቅ እንዲያዩ ሌዘር ከተሠራላቸው ይህን ያጡታል። ለመንገድ መነጽር ያወልቃሉ፤ ለቁርኣን ግን መነጽር ይገዛሉ።

አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ አንዱን ለቅርብ አድርጎ መሥራትም አለ። ለሁሉም ግን አይስማማም። ስለዚህ ከመሠራቱ በፊት በኮንታክት ሌንስ ለተወሰኑ ቀናት እንዲሞከር ጠይቁ። አባታችሁንና እናታችሁን በስጦታ ለማስደሰት ያሰባችሁ ልጆችም “ያለ መነጽር ምን ማየት ይፈልጋሉ?” ብላችሁ በመጀመሪያ ጠይቋቸው። ምናልባት መልሳቸው “ቁርኣኔን” ይሆናል።

በምክክሩ ቀን

ብቻችሁን አትሂዱ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚጨመር ለሰዓታት ቅርብ ነገር ይደበዝዛል፤ ፀሐይም ያስቸግራል። መኪና አትንዱ፤ የፀሐይ መነጽር ያዙ። አብሯችሁ የሚሄደው ሰው የሐኪሙን ቃል የሚሰማ ሁለተኛ ጆሮም ይሆናችኋል። ቀጠሮው በረመዷን ከዋለና ስለ ጠብታው ከተጨነቃችሁ፣ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ጂዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ የዓይን ጠብታ ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ልባችሁ ካልረጋ ግን የምታምኗቸውን ዓሊም ጠይቁ፤ ወይም ቀጠሮውን ከዒድ በኋላ አድርጉት።

ጥያቄዎቻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። እኔ እነዚህን እመክራለሁ፦

1. የኮርኒያዬ ካርታ ተነስቷል? ቅርጹ ምን ይመስላል?
2. የኮርኒያዬ ውፍረት ስንት ነው? ከተሠራ በኋላ ስንት ይቀረኛል?
3. የእንባዬ መጠን ተለክቷል? የዓይኔ የኋላ ክፍልና ግፊቱስ ታይቷል?
4. ከሦስቱ መንገዶች ለእኔ የመረጡልኝ የትኛውን ነው? ለምን?
5. ዓይኔን የሚሠሩልኝ እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሐኪም?
6. ከተሠራሁ በኋላ በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ ማን ያየኛል? ሀገሬ ከተመለስኩ በኋላ ችግር ቢገጥመኝ ወደ ማን ልሂድ?
7. ውዱእ ሳደርግ ውሃ ዓይኔን እንዳይነካ ስንት ቀን ልጠንቀቅ? ሱጁድ ማድረግ የምችለውስ መቼ ነው?

የመጨረሻውን ጥያቄ አትፈሩ። ሐኪሙ ሙስሊም ባይሆን እንኳ ፊታችንን በቀን አምስት ጊዜ እንደምንታጠብ፣ ግንባራችንን ምንጣፍ ላይ እንደምናሳርፍ ካልነገርነው አያውቅም። ላሲክ በተሠራ ሰው ላይ ዓይንን ማሸት ክዳኑን ሊያንቀሳቅስ ስለሚችል ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ሐኪሙ የሚሰጧችሁን የቀን ብዛት ይዛችሁ ወደ ኢማማችሁ ሂዱ፤ ፊትን መታጠብ ለማይችል ሰው ሸሪዓው መፍትሔ አስቀምጧል። ለሐጅ ወይም ለዑምራ የተመዘገበ ሰው ደግሞ ሕዝብና አቧራ ወደሚበዛበት ቦታ ዓይኑ ሳይድን እንዳይሄድ ጊዜውን ቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ስምንተኛ ነገር አለ፤ እሱ ግን ጥያቄ አይደለም፣ መብት ነው። የልኬቶቻችሁን ቅጂ ተቀበሉና እንደ ቤት ካርታ አስቀምጡት። ኮርኒያ ሲሳሳ የዓይን ግፊት ሲለካ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ግላኮማን ሊደብቅ ይችላል። በስተእርጅና የዓይን ሞራ ሲወጣም የሚተካውን ሌንስ ልክ ለማግኘት የድሮው ልኬት በጣም ይጠቅማል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያክማችሁ ሐኪም ያንን ወረቀት ሲያይ ያመሰግናችኋል።

ስለ ገንዘብ

ከመመርመራችሁ በፊት የቀዶ ሕክምናውን ሙሉ ዋጋም ሆነ የማይመለስ ቀብድ አትክፈሉ። የምርመራውን ዋጋ ብቻ ክፈሉ። “ዛሬ ከወሰናችሁ ቅናሽ አለ” የሚል ማዕከል ከገጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ፤ ዓይን የገበያ ቀን ዕቃ አይደለም። ዋጋው ሁለቱንም ዓይን፣ ጠብታዎቹን፣ ተከታታይ ምርመራዎቹን፣ ድጋሚ ማስተካከያ ካስፈለገም እሱን እንደሚያካትት በጽሑፍ ጠይቁ። በውጭ ሀገር የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ አንዳንድ ማዕከሎች “በየወሩ ትከፍላላችሁ” እያሉ የሚያቀርቡት ውል ወለድ ያለበት እንዳይሆን አጣሩ። መነጽር ለማውለቅ ብሎ ሪባ ውስጥ መግባት ትልቅ ኪሳራ ነው።

ለቤተሰብም አንድ ቃል አለኝ። ገንዘብ ያዋጣ ሰው ውጤት መጠበቁ አይቀርም። ያ መጠበቅ ግን በታማሚው ላይ ሸክም ይሆናል። “ይህን ሁሉ አውጥተውልኝ እንዴት ባዶዬን እመለሳለሁ?” ብሎ የሚያስብ ሰው አጠገቡ ያለውን ምልክት ይደብቃል፤ ሐኪሙ ሲያመነቱም “ግድ የለም፣ ይሥሩልኝ” ይላል። ስለዚህ ስትሸኙ “ይሆናል ካሉሽ አልሐምዱሊላህ፤ አይሆንም ካሉሽም አልሐምዱሊላህ” ብላችሁ ሸኙ። ሠርግን ከሌዘር ጋር አታያይዙ። በመነጽሯ ምክንያት ልጃችሁን የሚያሳንስ አማች ካለ መታከም ያለበት የእሷ ዓይን አይደለም።

“አይሆንም” ከተባልንስ?

ሁለተኛ ሐኪም ማማከር መብትም ብልህነትም ነው። የመጀመሪያውን ምርመራ ውጤት ይዛችሁ ሂዱ፤ “ለምን እንዳልሆነ ያስረዱኝ” በሉ። “እሺ” የሚል ሐኪም እስኪገኝ ከደጅ ደጅ መዞር ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሐኪሞች ከልክለው ሦስተኛው በአሥር ደቂቃ ከፈቀደ የሚያስፈራው ሦስተኛው ነው። በፊቅህ ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት እንደሚቀድም ተምረናል። እዚህ ላይ ጥቅሙ መነጽር ማውለቅ ነው፤ ጉዳቱ ዓይን ነው።

“አይሆንም” ማለት ደግሞ “ምንም የለም” ማለት አይደለም። ኬራቶኮነስ የተገኘበት ሰው በጊዜ ከታወቀለት ኮርኒያውን በቫይታሚንና በጨረር የሚያጠነክር ክሮስ ሊንኪንግ የተባለ ሕክምና አለ፤ ሕመሙ እንዳይገፋ ይረዳል። ቁጥሩ በጣም ከፍ ላለ ወይም ኮርኒያው ለሳሳ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ ሊታሰብለት ይችላል፤ እሱም የራሱ ምርመራና የራሱ ስጋት አለው። ለአንዳንዱ “አይሆንም” ሳይሆን “ገና ነው” ይባላል፤ ድርቀቱ ይታከም፣ ቁጥሩ ይርጋ፣ ልጁ ጡት ይጣል ይባላል። ለሌላው ደግሞ መነጽሩ ራሱ መፍትሔ ነው። በጥሩ ልክ የተሠራ፣ ከጀርባ በማሰሪያ የሚያያዝ መነጽር ሱጁድም ላይ አይወድቅም።

ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ሌንሱን በጊዜ ማውለቅ፣ የድሮውን ወረቀት መፈለግ፣ እውነቱን መናገር፣ መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ ሰበብ ነው። ኢስቲኻራ ሰግደን ከሄድን በኋላ የሐኪሙ “አይሆንም” የዱዓችን መልስ ሊሆን እንደሚችልም አንዘንጋ። አላህ ኸይሩን እንዲመርጥልን ጠይቀን፣ ሲመርጥልን ጓዳ ገብቶ ማልቀስ አይገባም።

ያቺ እህታችን ኮርኒያዋ ላይ የተገኘው ነገር እየታየ በየስድስት ወሩ እንድትመረመር ተነግሯታል። ኒካሕዋን በመነጽሯ አሰረች። ወንድሞቿም ያዋጡትን ገንዘብ አሁን “የዓይንሽ ሰደቃ” ይሉታል።

አላህ (ሱ.ወ.) የዓይናችንን ብርሃን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ ሐኪሞቻችንን በእውነት ላይ ያጽናልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።